ዕፀገነት ያበራችው ቤት

ዕፀገነት ጋሻው ሰንጋ ተራ ባለ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን እንደተሠሩ አድርጎ በኮምፒውተር ማሳየት ነው። አርክቴክቶቹ መስመሩን ይሰጧታል፤ እሷ ግድግዳውን ታቆማለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ በመጨረሻ ፀሐይ ታስገባለች። ደንበኛው ሥዕሉን ሲያይ ስለ ካሬ ሜትሩ መጠየቁን ይረሳና «እዚህች ጥግ ላይ ቁጭ ብል» ማለት ይጀምራል። ይህ የማን እጅ እንደሆነ ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ሥዕል ሙት ሆኖ አልነሳ ሲል «ለዕፀ ስጧት፣ ታብራው» ይባላል።

ባል አላገባችም፤ የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የኖሩበት ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበትና የሚወጣበት የቀበሌ ቤት ነበር። አባቷ አቶ ጋሻው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሳንባቸውን ታመው ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ሳይነሱ ቆዩና ዕፀገነት አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት እዚያው ግቢ ውስጥ ዐረፉ። ግቢው የፈረሰው ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲነሳ የነሱም ተነሳ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የቆመው ፎቅ የትኛው እንደሆነ እንኳ እናትና ልጅ አይስማሙም።

ዮፍታሔ የዚያው ግቢ ልጅ ነው። ከአክስቱ ጋር ከእነ ዕፀገነት ቤት ጀርባ፣ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ አደገ። የዕፀገነት እኩያ ነው፤ ብይ ያስተማራት እሱ፣ የሒሳብ የቤት ሥራ የሠራችለት እሷ። ግቢው ሲፈርስ እሱና አክስቱ ወደ ጀሞ ሄዱ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ የሚደወል ስልክ ሆነ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በጥቁር ቦርሳ የሆነ ነገር ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣ።

«አይንሽን ጨፍኚ» አላትና ፊቷ ላይ ከበድ ያለ መነጽር አሰረላት።

አይኗን ስትገልጥ ባሕር ዳርቻ ላይ በቆመ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበረች። ጭንቅላቷን ስታዞር ቤቱ አብሯት አይዞርም፤ ባለበት ይቆያል፤ ወደ ኋላዋ ብታይ የኋላው ግድግዳ አለ። ቪአር የሚሉት ጌም ይህ መሆኑን በወሬ ታውቅ ነበር፤ ገብታበት ግን አታውቅም። አንድ ሦስት ደቂቃ ቆይታ አወለቀችው።

«ብርሃኑ ውሸት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ከየትም አይመጣም። ከሁሉም ቦታ ነው የሚመጣው። ጥላ የሌለው ወንበር ደግሞ ወንበር አይደለም፣ የወንበር ሥዕል ነው። ልቀመጥበት አላማረኝም።»

ዮፍታሔ ሳቀ። «ለዚህ ነው እኮ ወዳንቺ የመጣሁት።»

ከኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች በአንዱ ምድር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ሁለት ክፍል ተከራይቶ ጌም ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። በሱፍቃድ የሚባል ዝምተኛ ፕሮግራመር ቀጥሯል። ያላገኘው አስተዋይ ዓይን ያለው ሰው ነው። ዕፀገነት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ስትጠይቀው መልሱ ዝግጁ ነበር።

«ግቢያችንን» አለ። «ሰው ገብቶ እንዲኖርበት።»

ይህን ያለው እሱ ነው። በኋላ ዕፀገነት ደጋግማ ለራሷ የምታስታውሰው ይህንን ነበር።

ሥራው አሥር ወር ፈጀ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምድር ቤቱ ውስጥ ታሳልፋለች። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ልክ እንደ ፎቶግራፍ አድርጋ ሠራችው፤ የጭቃውን ስንጥቅ፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የውሃ በርሜሉን ከንፈር። ሰዎች መነጽሩን አድርገው ሲገቡ ግን ነገሩ እንዳሰበችው አልሆነም። እንደ ዕቃ ገዢ ይመረምሩታል። ግድግዳው ድረስ ጠጋ ብለው «ይሄ ትንሽ ፕላስቲክ ይመስላል» ይላሉ። ሐሰቱን ነበር የሚፈልጉት።

ሁሉንም አፈረሰችና እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ በብሩሽ የተቀባ የሚመስል ቤት ሠራች። ጭቃው ሁለት ቀለም ብቻ፣ በሩ አንድ ሰማያዊ፣ በርሜሉ አንድ ክብ። ዝርዝሩ ሲቀንስ ሰዎቹ መመርመራቸውን ተዉ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ነጅማ፣ ተወልዳ ያደገችው ቡታጅራ ነው፣ ገብታ ስትወጣ «ይሄማ የአያቴ ቤት ነው» አለች። ዕፀገነት በደስታ ሣቀች። ባዶ የተወችውን ቦታ ነጅማ በራሷ ሰው ሞልታው ነበር።

ከዚያ ወደ ብርሃኑ ሄደች፤ አብዛኛውን ጊዜ የበላው እሱ ነው። ፀሐይዋን ቀትር ላይ ስታቆማት ሰው ሁሉ በሩ ላይ እንደተገተረ ይቀራል፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ወደ አሥር ሰዓት ስታወርዳት ግን ብርሃኑ ከምዕራብ በኩል በክፈፉ ሥር ሾልኮ ግቢውን አቋርጦ ይተኛል፤ ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ አንድ ረጅም ወርቃማ መስመር ይሆናል። ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው በመስመሩ ላይ ይራመዳሉ። ውስጥ ሲገቡ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚወርዱትን የብርሃን ነጠብጣቦች በመዳፋቸው ሊቀበሉ ይሞክራሉ። ደብዘዝ ያለው ክፍል ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ የሚሰማቸው እንደሌለ እያወቁ ያንሾካሹካሉ። ዕፀገነት ጥግ ላይ ወንበር ስባ፣ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ፣ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ታይ ነበር። ብርሃን ሰውን እንደሚመራ ከሥራዋ ታውቃለች፤ እግሩን እንዲህ ሲጎትተው ያየችው ግን እዚህ ነው።

ለመጨረሻ የተወችው የአባቷን ክፍል ነው። አልጋው የተነጠፈና ባዶ፤ ከጎኑ በርጩማ፤ መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ። ፀሐይዋ በመጋረጃው ውስጥ አልፋ ክፍሉን በሙሉ የማር ቀለም ትቀባዋለች። ለዚያች አንዲት ክፍል ብርሃን ሰባት ሳምንት ሠራች።

«ተጫዋቹ እዚህ ምን ያደርጋል?» አላት ዮፍታሔ።

«ይቀመጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይነሳል።»

ራሱን ነቀነቀና መነጽሩን አድርጎ ገባ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲያወልቀው አይኖቹ ቀልተው ነበር፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገና «እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም እንዳትነኪ» አላት። «እንዲሁ ይቅር።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅን ያመጧቸው በማግሥቱ ነው። እናትየው መነጽሩ ሲታሰርላቸው ነጠላቸው እንዳይያዝባቸው ተጨነቁ። ሁለት እርምጃ ሄደው ድንገት ጎንበስ አሉ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«የልብስ ገመዱ ነዋ፣ አንገቴን እንዳይዘኝ።»

በሱፍቃድ እንኳ ሳቀ። ዮፍታሔ እጃቸውን ይዞ በጥንቃቄ መራቸውና እውነተኛ በርጩማ ሥራቸው አቀረበላቸው። «ይቀመጡ እማማ ተናኘ፣ አይዞዎት፣ አለሁ።» ተቀመጡ። አልጋውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «መጋረጃዬን ማን አጠበው?» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ጥርት ብሎ አያውቅም ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ተናኘወርቅ የውጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው «እስቲ ቤት ደርሰን እንምጣ» ይላሉ። ወርደው አንድ ሩብ ሰዓት ይቀመጣሉ። ሲመለሱ ደረጃው እንኳ አያደክማቸውም።

ሥራው ሲያልቅ ዮፍታሔ አንዲት ወረቀት ይዞ መጣ። ውጭ አገር ላሉ የጌም አሳታሚዎች ለማሳየት የሁሉም ሠራተኛ ፊርማ ያስፈልጋል አላት። ዕፀገነት ወደ ሥራ እየወረደች ነበር፤ ወረቀቱን ደረጃው ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሳታነብ ፈረመች። አብረው ያደጉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ወረቀት አያነቡም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታስብ ነበር።

ከፈረመች በኋላ ነገሮች ቀዘቀዙ። አንድ ቅዳሜ መነጽሩ ተበላሽቷል ተባለ። ሌላ ቅዳሜ ሥራው እየተስተካከለ ስለሆነ ትንሽ ታገሡ ተባለ። ሌላ ቅዳሜ ቢሮው ተቆልፏል። ዮፍታሔ ስልክ ያነሳል፣ ድምፁ ደህና ነው፣ «አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ ዕፀዬ» ይላል። እናትየው ቀሚሳቸውን ለብሰው ይጠብቁና መልሰው ይቀይራሉ። እንዲህ አራት ወር አለፈ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ናዝሬት፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበሯን ጎትታ መጣች።

«አንቺ ክፉ!» አለቻት እየሳቀች። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት አለሽ ብዬ አላውቅም። ትናንት ከእህቴ ጋር ገብተን ተጫወትነው። እህቴ መነጽሩን ወርውራ ልትሰብረው ነበር!»

«ምኑን ነው የተጫወታችሁት?»

«ጌምሽን ነዋ! ‹የኋላው ክፍል›ን። ስምሽ ከፊት ተጽፎ አይቼ ጮህኩ። ያንን አልጋ ግን እንዴት አሰብሽው? እኔ ማታ መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት።»

ዕፀገነት ናዝሬትን አየቻት። የልጅቱ ፊት ንጹሕ አድናቆት ነበር። «የት ነው የተጫወታችሁት?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዋን ሄደች። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣቶች የሚሰለፉበት የጌም ቤት ነው። ተራዋን ጠበቀች። ከፊቷ ያሉት ወንዶች ልጆች እየተገፋፉ «ጀለሴ አልጋው ጋ እንዳትደርስ» ይባባላሉ። ተራዋ ሲደርስ መነጽሩን ራሷ አሰረች። በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፦ ብርሃን፣ ዕፀገነት ጋሻው። ከዚያ የቆርቆሮው በር ተከፈተ።

ግቢው ያው ነበር። በርሜሉ እዚያው፣ ገመዱ እዚያው፣ ሰማያዊው በር እዚያው፤ አንድ ምስማር አልተነቀለም። የጠፋችው ፀሐይዋ ብቻ ናት። በእሷ ፈንታ ከመሬት ላይ ወደ ላይ የሚነሳ አረንጓዴ የሆነ ድፍርስ ብርሃን አለ፤ በልጅነት ባትሪ ከአገጭ ሥር ይዘው ፊትን አስፈሪ እንደሚያደርጉት ዓይነት፣ ቤቱ ከሥር በርቶ ጣሪያው ሊወድቅባት ያዘነበለ መሰላት። ቢጫው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ጭጋግ አለ። በግቢው መሃል ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ተዘርግቷል። የራሷ መስመር ነው፤ ቀለሙን ነው የቀየሩት። እግሯ መስመሩን ይዞ ሄደ። መሄድ አልፈለገችም፤ ግን ሄደች፤ ሰውን እንዴት እንደሚጎትት ያወቀችው እሷ ስለሆነች መሄዷ ይበልጥ አናደዳት።

ውስጥ ስትገባ የምስማር ቀዳዳዎቹ አሉ፤ ነጠብጣቦቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር እየሄደ እንደሚጋርዳቸው ዓይነት። ወደ አባቷ ክፍል ገባች። መጋረጃው አለ፣ በርጩማው አለ። አልጋው ባዶ አይደለም። ብርድ ልብሱ ሥር ጀርባውን የሰጠ ሰው አለ። እሷ ስትጠጋ ሳለ። ሁለት አጭር፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ረጅም ሳል።

ዕፀገነት ሰውየው ፊቱን እስኪያዞር አልጠበቀችም። መነጽሩን አወለቀች። ልጆቹ «ፈራች! ፈራች!» ብለው አጨበጨቡ።

ያ የአባቷ ሳል ነበር። ሁለት አጭር፣ ዕረፍት፣ አንድ ረጅም። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚባል አላስገባችም። ስለ ሳሉ ለማንም ነግራ አታውቅም።

ወደ ቢሮዋ አልተመለሰችም። ታክሲ ይዛ ልደታ ወረደችና በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ገባች። ዮፍታሔና በሱፍቃድ ምሳ እየበሉ ነበር።

«ተጫወትኩት» አለች።

ዮፍታሔ እጁን ጠረገና ተነሳ። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ሲያልቅ።»

«አልቋል እኮ። ሰው ተሰልፎ እየጮኸ ነው።»

«ዕፀ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ። ያንቺን ለስድስት ድርጅት አሳየሁ። ስድስቱም ያምራል አሉ። ስድስቱም ‹ከዚያስ ምን ይሆናል?› አሉ። አንዱ ብቻ ‹ይህ ቤት ቢጨልምስ?› አለኝ። ሞከርኩት። አንድ ግድግዳሽን አልነካሁም። ፀሐይዋን ብቻ ነው ያጠፋሁት።»

«ፀሐይዋን ብቻ።»

«ስምሽንም አላወጣሁም። ከሁላችንም በፊት ያስቀመጥኩት አንቺን ነው።»

«አውጣው።»

«ለምን? የሚሠራው እኮ ባንቺ ሥራ ነው። ሰው ያንን ክፍል የሚፈራው አንቺ በደንብ ስለሠራሽው ነው።»

የሚያመሰግናት መስሎት ነበር። ዕፀገነት ጠረጴዛውን ያዘች። «ሳሉን ከየት አመጣኸው?»

በሱፍቃድ አንገቱን ደፍቶ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ዮፍታሔ «የኔ ድምፅ ነው» አለ። «ራሴ ነኝ የሳልኩት።»

«እየሳቅክ?»

«አልሳቅኩም። ዕፀ፣ በመሃላችን የነበረው የጭቃ ግድግዳ ነው። አንቺ መስኮት ነበረሽ። እኛ ክፍል ፀሐይ ገብታ አታውቅም። ያንቺ አሥር ሰዓት የኔ አይደለም፤ እኔ የማውቀው ቤት ይሄኛው ነው። በጨለማ ተኝቼ ያንን ሳል እየሰማሁ፣ እየፈራሁ ነው ያደግኩት። ያ ግቢ የኔም ነው እኮ!»

እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባት፤ መስኮት የሌላትን ክፍል አስታወሰች፤ በሯ ሲከፈት የሚወጣውን የጋዝ ሽታ አስታወሰች። ለአፍታ ቁጣዋ እጇ ላይ ቀለጠ። ከዚያ አልጋው ትዝ አላት።

«ታዲያ የራስህን ክፍል ለምን አልሠራህም?» አለች። «የራስህን አጨልም። አልጋው የአባቴ ነው።»

«አልጋው ባዶ ነበር።»

«ባዶ የተውኩት አንተ እንድትሞላው አይደለም!»

ድምጿ ከምድር ቤቱ ወጥቶ ነጅማ ከፎቶ ኮፒ ማሽኗ ቀና እስክትል ተሰማ። ዮፍታሔ መሳቢያ ከፍቶ አንዲት ወረቀት አወጣ። አላነበበላትም፤ ጠረጴዛው ላይ ብቻ አስቀመጣት። ታች ላይ የራሷ ፊርማ ነበረ፤ የግድግዳው ሸካራነት መስመሩን አንቀጥቅጦታል።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወደ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ሄደች። በልጅነቷ ለአባቷ ምሳ ስታደርስ የምታልፍባቸው ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሁንም በጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ የጽሕፈት መኪናው ብቻ በላፕቶፕ ተተክቷል። ደሚቱ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ፊት ተቀመጠች።

«ተከሳሽ ማን ነው?» አሏት ጣታቸውን አዘጋጅተው።

«አብሮ አደጌ።»

«ምን ወሰደብሽ? ቤት?»

«ቤቱ ከፈረሰ ቆየ።»

«መሬት? መኪና?»

«የሠራሁትን ብርሃን አጠፋው» አለች ዕፀገነት፤ ከዚያ የአንደበቷ ነገር አሳፈራትና ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ደሚቱ ሳያቋርጡ አዳመጧት። ስትጨርስ «ፈርመሻል?» አሏት።

«ፈርሜያለሁ።»

ሴትየዋ ላፕቶፑን በቀስታ ከደኑት። «ልጄ፣ ወረቀቱን ለጠበቃ አሳዪ። እኔ ብጽፍልሽ እጽፍልሻለሁ፤ ግን ዳኛው ሲያነበው ምን እንደሚል ይታየኛል። ሰው ቢሰድብሽ አንቀጽ አለው። ለዚህ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» ጠበቃ ጋም ሄደች። ጠበቃው ወረቀቱን አነበበና ሥራው ሁሉ የድርጅቱ ነው ይላል አላት። ከዚያ በኋላ ስለ ክስ አላነሳችም።

ቅዳሜ ደረሰ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ምስር እየለቀሙ «ዛሬስ መነጽሩ ተሠራ ይሆን?» አሉ። ዕፀገነት ሰበብ ልትፈልግ አፏን ከፈተችና አቃታት። ሁሉንም ነገረቻቸው። እናትየው እጃቸው ሰፌዱ ላይ እንደቆመ ሰሟት።

«አልጋው ላይ ምን አደረገበት?»

«ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የሚያስፈራ። ሲስል እንደ አባዬ ነው የሚስለው። ሲስል እየሰማሁ ፈርቼ ነው ያደግኩት አለኝ።»

«ማን? ዮፍታሔ?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሰፌዱን አስቀመጡ። «አንቺ በትምህርት የጠዋት ፈረቃ ነበርሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ የከሰዓት። እኔ ወፍጮ ቤት ስሄድ፣ ገበያ ስወጣ፣ አባትሽ ዘንድ የሚቀመጠው ማን መሰለሽ? በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ያጠጣው ነበር። አባትሽ ማባዣ ያስጠናው ነበር። ሲስል ጀርባውን ይደግፈው ነበር፣ በዚያች ትንሽ እጁ። እኔ ስመጣ አልሄድም ይላል። ፈርቶ ከሆነ እኔ አላየሁም።»

«ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«ምኑ ይነገራል? የግቢ ልጅ ነው።»

ዕፀገነት ወደ መስኮቱ ሄዳ ቆመች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ነገር ይዛ ነበር፤ ዮፍታሔ ያንን ክፍል የሚያውቀው በግድግዳ በኩል ብቻ ነው ብላ፣ የማያውቀውን ነው ያጨለመው ብላ። አሁን ይህም ከእጇ ወጣ። በርጩማዋ የሱም ነበረች። ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ አይኑ ቀልቶ ሲነሳ ምን እንዳየ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው እዚያ አልጋ ላይ ያንን ሰው ያስተኛው፤ ሳሉንም በራሱ ጉሮሮ ያወጣው ልኩን በአባቷ ጀርባ በኩል በእጁ ስለሚያውቀው ነው።

በቀጣዩ ወር መባቻ፣ በልደታ ዕለት፣ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ላይ ዮፍታሔን አገኙት። መሸሽ አልቻለም። ቀረበና ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ እማማ ተናኘ» አለ። ዕፀገነት እናቷ ፊታቸውን ያዞሩበታል ብላ ጠበቀች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን እንደ ሁልጊዜው ጉንጩን ሳሙት፣ አክስቱን ጠየቁት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እጁን ግን አልለቀቁትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ጋሻው ምን አድርጎህ ነበር?»

ታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ሰው በጎናቸው ያልፋል። «ምንም» አለ ዮፍታሔ። «ምንም አላደረጉኝም፣ እማማ።»

«እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው» አሉና እጁን ለቀቁት።

ወደ ዕፀገነት ዞሮ አየ። የሆነ ነገር እንድትለው የፈለገ ይመስል ነበር፤ ብትሰድበውም ደስ ባለው። እሷ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች።

በዚያው ሳምንት ረጅም መልእክት ላከላት። ሳሉን ከጌሙ አውጥቶታል። ስሟንም ሰርዟል። አልጋው ላይ ያለውን ሰው ግን ማንሳት እንደማይችል፣ ጌሙ የቆመው በእሱ ላይ እንደሆነ፣ ውል እንዳለበት ጽፎ ነበር። ሁለቴ አነበበችው። አልመለሰችለትም፤ ከዚያ በኋላም ሲደውል አላነሳችም። ጌሙ መወደዱን የምትሰማው ከናዝሬት ነው፤ ናዝሬትም ነገሩን ካወቀች በኋላ ማውራቱን ተወች።

ዕፀገነት ቤት ውስጥ በቀረ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ከመጨለሙ በፊት የነበረው ሥራ ግልባጭ ነበራት፤ የአባቷ ክፍል ብርሃን ያልተጨመረበት። አንድ እሑድ ከቢሮ መነጽር ተውሳ መጣችና ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ ሠራችው። የፀሐይዋን ቁመት፣ አቅጣጫውን፣ የመጋረጃውን ቢጫ፣ ሁሉን እንደነበረ መለሰች። አንድም ቁጥር አልተሳሳተችም። ሲያልቅ መነጽሩን አድርጋ ገባች። ግቢው በአሥር ሰዓት ፀሐይ ሞቆ ነበር። ሰማያዊውን በር አልፋ የአባቷ ክፍል ደጃፍ ላይ ደረሰች። ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች፤ የሠራችው እሷ ናት፤ አልጋው ባዶ ነው። ቢጫው ብርሃን እስከ እግሯ ድረስ መጥቶ ተኝቷል። ጆሮዋ ግን ሳሉን ይጠብቅ ነበር፣ ዓይኗም ብርድ ልብሱ ከፍ ማለት አለማለቱን።

«ገባሽ?» አሏት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከኋላዋ። የውጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።

«አንቺ ግቢ እማዬ» አለች ዕፀገነት። መነጽሩን አውልቃ በእናቷ ፊት ላይ በጥንቃቄ አሰረችላቸው፣ በርጩማውን አቀረበችላቸውና እሷ ምሳ ልታሞቅ ወደ ማድ ቤት ሄደች።